ከመቃብር በላይ የሚውል ስም

በሬዲዮ ከተላለፈው ንግግር

በዚህ ሳምንት የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። ክብር ለሰው የሚሰጥ ነገር ከሆነ፥ ተቀባዩ በሕይወት ሳይኖር የሚሰጠው ክብር የሚደርሰው ለማን ነው? ኒሻኑ የሚንጠለጠልበት ደረት አፈር ከለበሰ፥ ምስጋናውን የሚሰማው ጆሮም ከተዘጋ በኋላ፥ መንግሥታት በጦር ሜዳ ለወደቀ ወጣት ኒሻን የሚሰጡት፥ ሐውልት የሚያቆሙት፥ ስሙንም በድንጋይ ላይ የሚያስቀርጹት ምን ለማግኘት ነው?

ይህ ጥያቄ ለአንበሳሜ፥ ለወረታና ለመላው የፎገራ ሜዳ ሰው እንግዳ ሊሆን አይችልም። በቤጌምድር አገር አንድ ጦረኛ ከቤቱ ርቆ የሞተ እንደ ሆነ፥ ሬሳው ባይመጣም እንኳ ለቅሶው አይቀርም ነበር። መርዶው ከተነገረ በኋላ ዘመድ ወዳጁ በለቅሶው ሜዳ ይሰበሰባል፤ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ ጌታው የሌለበት ኮርቻ ለሕዝብ ይታያል፤ ጋሻውና ጦሩ፥ ጠመንጃውና የክት ልብሱ በለቀስተኛው መካከል ይዞራል፤ አልቃሹም የሟቹን ስም ከነአባቱ፥ የዋለበትንም የጦር ሜዳ እየጠራ ይገጥማል። ይህ ሁሉ ለሟቹ የሚደረግ ይምሰል እንጂ የሚሰሙት ሕያዋን ናቸው። ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚመለከተው ሕፃን፥ ለወገኑ ሲል የሞተ ሰው ስሙ እንደማይጠፋ በዚያ ቀን ይማራል። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ በዚህ ልማድ ውስጥ ሥጋ ለብሶ ይታይ ነበር።

ሌሎች ሕዝቦችም በየራሳቸው ልማድ ይህንኑ ያደርጋሉ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነንን ከኮሪያ ጦርነት ታሪክ እንውሰድ። ከኮሪያ የምንጀምረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ አገር ኮረብታዎች ላይ የእኛም ልጆች ደም ፈሷልና ነው።

በሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡቡ ክፍል ተሻግሮ ጦርነቱ ተጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለደቡቡ እንዲረዱ አባል መንግሥታትን ጠየቀ። ከሦስት ወር ያህል በኋላ፥ በመስከረም 5 ቀን 1943 ዓ.ም.፥ የአሜሪካ ጦር ኢንቾን በተባለው ወደብ ከባሕር ወደ ምድር ወረደ። በዚህ ወደብ የባሕሩ ውሃ በየዕለቱ እጅግ ከፍ እያለና እጅግ ዝቅ እያለ ስለሚመላለስ፥ መርከቦች የሚጠጉበት ጊዜ አጭር ነበር፤ ወታደሮቹም ከጀልባ ወጥተው ከፍ ያለውን የወደብ ግንብ በመሰላል መውጣት ነበረባቸው። ከእነዚህ ወታደሮች መካከል ባልዶሜሮ ሎፔዝ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት መቶ አለቃ ይገኝ ነበር። አባቱ ከስፓኝ አገር ተሰድዶ ወደ አሜሪካ የገባ ሰው ሲሆን፥ ልጁ ግን በፍሎሪዳ ተወልዶ በባሕር ኃይል አካዳሚ ከተማረ በኋላ በአሜሪካ «ማሪን» ተብሎ በሚጠራው፥ ከባሕር ወደ ምድር እየወረደ በሚዋጋው ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ ነበር።

መቶ አለቃ ሎፔዝ ግንቡን ወጥቶ ወታደሮቹን እየመራ ወደ ጠላት ምሽግ ተጠጋ። የእጅ ቦምቡን ፈትቶ ለመወርወር ክንዱን ባነሣ ጊዜ ቀኝ ትከሻውንና ደረቱን በጥይት ተመታና ወደ ኋላ ወደቀ፤ ቦምቡም ከእጁ አመለጠ። በአጠገቡ የነበሩት ወታደሮቹ ናቸው። ቦምቡን አንሥቶ እንዳይወረውረው የቆሰለው ክንዱ አልታዘዝ አለው። ስለዚህ በዚያው በቆሰለው ክንዱ ቦምቡን ወደ ሰውነቱ ሥር ጠርጎ አስገባና በላዩ ተኛበት። ቦምቡ ፈነዳ፤ እርሱ ሞተ፤ ወታደሮቹ ተረፉ። በነሐሴ 24 ቀን 1943 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከኒሻኖች ሁሉ የበላይ የሆነውን የጀግንነት ኒሻን ሰጠው፤ የተቀበሉትም እናትና አባቱ ናቸው። ከዚያም በኋላ አንድ መርከብ በስሙ ተሰይሟል።

ይህንን ታሪክ በሰማን ጊዜ «የአሜሪካ ጀግንነት ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ቅርብ ነው። ሎፔዝ ከወደቀ ከሰባት ወር በኋላ፥ በዕድሜ እርሱን የሚመስሉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወደዚያው ምድር ተጓዙ፤ ከእነርሱም ብዙዎች ሳይመለሱ ቀሩ። የሎፔዝን ስም መጽሐፉም፥ ፎቶግራፉም፥ መርከቡም ይናገራል። የእኛዎቹን ስም ግን ማን ይናገራል? የዛሬው ነገራችን ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦር የላከችበት ምክንያት ከራሷ ቁስል የተነሣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፥ ስለ ተወረረችው አገራቸው ፍርድ በጠየቁ ጊዜ ማኅበሩ ከቃል ያለፈ ርዳታ አልሰጠም። አንዲት አገር ስትጠቃ ሌሎች ዝም ካሉ ነገ በእነርሱ እንደሚደርስ ያን ጊዜ የተነገረው ቃል፥ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ በኤውሮፓ ምድር ሁሉ ተፈጸመ። ስለዚህ በ1942 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ በመጣ ጊዜ ኢትዮጵያ ራሷ የጠየቀችውንና የተከለከለችውን ለሌላ ለመስጠት ተነሣች። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ የአየር ጓድ ስትልክ፥ እግረኛ ጦር የላከች አገር ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች።

የተመረጠው ጦር ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ሲሆን፥ በወቅቱ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ አደራጁት። ስሙም «ቃኘው ሻለቃ» ተባለ። አባ ቃኘው የንጉሠ ነገሥቱ አባት የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። በለቅሶ ሜዳ የፈረስ ስም እየጠራ ያደገ ሕዝብ ልጆቹን ወደ ባሕር ማዶ ሲልክ፥ ባንዲራቸውን በፈረስ ስም መሰየሙ የሚገባ ነበር።

በሚያዝያ 4 ቀን 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ባንዲራውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀብሎ ተሰናበተ። ከ1,100 የሚበልጡት ዘማቾች በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው በመርከብ ተሳፈሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች ነበሩ። ፑዛን ከተባለው የኮሪያ ወደብ የደረሱት በዚያው በሚያዝያ ወር መጨረሻ ገደማ፥ በአገራቸው የድሉ አሥረኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን ነው። የዘመቻው ጠቅላላ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ሲሆኑ፥ የመጀመሪያውን ሻለቃ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፥ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፥ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ በየተራ መርተዋል። ጦሩ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር እንደ አንድ ሻለቃ ሆኖ ነበር።

የኮሪያ ጦርነት የኮረብታ ጦርነት ነው። ቃኘው ወደ ውጊያ በገባ ጊዜ የፊት መሥመሩ መሬት ይዞ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች በየተራራው ራስ ምሽግ ቈፍረው፥ በመካከላቸው ያለው ሸለቆ የማንም ሳይሆን ይተያዩ ነበር። በ1944 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያው ቃኘው 602 እና 700 ተብለው በቁጥር ብቻ በሚጠሩ ኮረብታዎች ላይ ተዋጋ። በ1945 ዓ.ም. ጥቅምት ሁለተኛው ቃኘው በሦስት ማዕዘን ኮረብታ በተደረገው ብርቱ ውጊያ ተሳተፈ። ሦስተኛው ደግሞ በዚያው ዓመት፥ በሐምሌ 20 ቀን የተኩስ ማቆም ውል እስኪፈረም ድረስ፥ ፖርክ ቾፕ በሚባለው ኮረብታና በአካባቢው በነበሩት የፊት ምሽጎች ላይ ከቻይና ጦር ጋር ተናነቀ። ዘማቾቹ ከጠላት ሌላ ብርዱን መቋቋም ነበረባቸው፤ የኮሪያ ክረምት ወንዙን በረዶ የሚያደርግ፥ ጣትን ከጠመንጃ ብረት ጋር የሚያጣብቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ቃኘው የታወቀው በሌሊት ቅኝት ነው። ጥቂት ወታደሮች በጨለማ ከምሽግ ወጥተው፥ ሸለቆውን ተሻግረው፥ የጠላትን ሁኔታ መርምረው ወይም ምርኮኛ ይዘው ይመለሳሉ። ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የተባለ የአሜሪካ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያንን የሌሊት ቅኝት በታላቅ አድናቆት ተርኳል፤ በመኮንኖቹና በወታደሮቹ መካከል የነበረውን መተማመንም አመስግኗል። በዓለም ዘንድ የቃኘው ምልክት ሆኖ የቀረው ነገርም ከዚህ የመጣ ነው፤ ይኸውም ከቃኘው ወታደሮች አንድ እንኳ በጠላት እጅ ምርኮኛ አልሆነም፤ ሬሳም ለጠላት ጥለው አልሄዱም።

ይህ ቃል በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። በሥራ ግን ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰዎች በጠላት ምሽግ አጠገብ ተኩስ ገጥመው አንዱ ቢሞት፥ እርሱን ለመሸከም ሁለት ወይም አራት ሰው ያስፈልጋል። የተሸከመ ሰው አይተኩስም፤ አይሮጥም፤ በገደሉም ላይ ሲወጣ ለጥይት የተጋለጠ ነው። በሒሳብ ብቻ የሚያስብ ሰው፥ ለሞተ ሰው ሲባል ሕያዋንን ለሞት ማጋለጥ ሞኝነት ነው ይል ይሆናል። የጦር ሜዳ ልብ ግን እንዲህ አይቈጥርም። እያንዳንዱ ወታደር ቢወድቅ ጓደኞቹ ጥለውት እንደማይሄዱ አጥብቆ ስለሚያምን፥ ያለ ፍርሃት ወደ ጨለማው ይገባል። ሬሳውን የተሸከሙት ሰዎች ለሞተው ብቻ አልሠሩም፤ ነገ ሌሊት ለሚወጡት ለእነዚያ ሁሉ ሠርተዋል። እነሆ፥ በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ለሞተ ሰው የሚደረግ ክብር፥ ገና ላልሞተው የሚሰጥ ቃል ኪዳን ነው።

ጦርነቱ እስኪቆም ድረስ በየተራው ወደ ኮሪያ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን 3,518 ሲሆኑ፥ ከተኩስ ማቆሙ በኋላ ለጥበቃ የሄዱት ሲጨመሩ ቁጥሩ 6,037 ይደርሳል። 536 ቆስለዋል። የሞቱትን አንዳንዱ መዝገብ 121፥ ሌላው 122 ይላቸዋል። አንባብያን ሆይ፤ በዚህች የአንድ ቁጥር ልዩነት ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ለታሪክ ተመራማሪ ልዩነቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። ነገር ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው አንድ ሙሉ ሰው ነው፤ እናት የወለደችው፥ በአንድ አጥቢያ ክርስትና የተነሣ ወይም በአንድ መንደር ስም የወጣለት፥ ሲሄድ የተመረቀ፥ መርዶው የተነገረ አንድ ሰው ነው። መዝገብ አንድ ሲሳሳት የሚጎድለው ቁጥር ሳይሆን ይህ ሰው ነው።

በኮሪያ የወደቁት ኢትዮጵያውያን አፅም በፑዛን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አልቀረም። ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ በክብር ዐርፏል። ጓደኞቻቸው ከሸለቆው ተሸክመው ያወጧቸውን፥ አገራቸው ደግሞ ባሕር አሻግራ አመጣቻቸው።

በባዕድ አገርም ክብር ተሰጥቷቸዋል። ቃኘው ከአሜሪካና ከኮሪያ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንቶች ለጦር ክፍል የሚሰጠውን የጀግንነት ምስጋና ተቀብሏል። በቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች ሐውልት ቆሞ፥ በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በምርቃቱ ላይ ተገኝተዋል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አጠገብ የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። ዘማቾቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ በቶንግዱቾን የጦርነት ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳድጉ እንደ ነበር የኮሪያ ሰዎች አልረሱም። ከኒሻኑ ሁሉ ይልቅ ይህ ሥራ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሳይቀመጥ አይቀርም።

በአገር ቤት ግን የክብሩ መንገድ ቀጥ ያለ አልሆነም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች የመንግሥት ግልበጣ ሞክረው ሳይሳካ በቀረ ጊዜ የጦሩ ስም በጥርጣሬ ተሸፈነ። ቃኘውን ያደራጁት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም በዚያው ሙከራ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈንድቶ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ደግሞ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለ ተወዳጀ፥ በደቡቡ ወገን የተዋጉት ዘማቾች ታሪካቸውን በአደባባይ ለመናገር የማይመች ዘመን መጣባቸው። ብዙዎቹ ሜዳልያቸውን በሣጥን ሸሽገው በድህነት አረጁ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የዘማቾቹ ስም እንደ ገና ተነሣ፤ በአዲስ አበባም መታሰቢያ ቆመላቸው። ይሁን እንጂ ምስክሮቹ የሚናገሩበት የጉልምስናቸው ጊዜ በዝምታ አልፎ ነበር።

ይህንን ስንናገር ከፎገራ ሜዳ የራቅን ሊመስል ይችላል። የታሪክ ነገር ግን ድንቅ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ከሰሜን ኮሪያ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች በፎገራ ወረዳ በሻጋ፥ በደራ ወረዳም በጅግና በነበሩት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበሮች ሩዝ አስተከሉ። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ያ ረግረግ ሜዳ፥ ከጥንት በከብቱ የታወቀው ፎገራ፥ ቀስ በቀስ የሩዝ አገር ሆነ፤ ከዘሮቹም አንዱ በጅግና ቀበሌ ስም ተጠርቷል። በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። እንግዲህ ከአንዲት ኮሪያ ወገን ሆነን ወጣቶቻችንን ቀበርን፤ ከሌላይቱ ኮሪያ ሰዎች ደግሞ ዘር ተቀብለን እንጀራ በላን። ጠላትነት ያልፋል፤ መንግሥታትም ይለወጣሉ። ሙታንን ማክበር የትናንቱን ጠላት ለዘለዓለም መጥላት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ደግሞ፥ ወዳጅ በተለወጠ ቁጥር የሞቱትን መርሳት ለወዳጁም ለጠላቱም የማይጠቅም ክሕደት ነው።

ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አንባብያን፥ በተለይም በየገጠሩ ያላችሁ መምህራን፥ ካህናትና የአገር ሽማግሎች ሆይ፤ ለሙታን የሚሰጠው ክብር ሁሉ ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲወጣ አንጠብቅ። ሐውልት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ኒሻንም ሥልጣን ይፈልጋል፤ ስም መጻፍ ግን አንድ ደብተርና አንድ ብዕር ብቻ ይፈልጋል። የክብር ዘበኛ ወታደር ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመለመለ ነበር። በኮሪያም ሆነ ከዚያ በፊት በፋሽስት ወረራ፥ ወይም ከዚያ በኋላ በተደረጉት ጦርነቶች፥ ከመንደራችሁ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው እንዳለ የሚያውቁትን አረጋውያን ጠይቋቸው። የሟቹን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፥ የወጣበትን ዓመት፥ የሞተበትን ስፍራ፥ ማን ከማን እንደ ሰማው ጭምር ጻፉት። አንዱን ግልባጭ በትምህርት ቤቱ፥ ሌላውን በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ፥ ሦስተኛውን በወረዳው ጽሕፈት ቤት አስቀምጡት። የሰማችሁትን ሳትጨምሩ፥ የምትጠራጠሩትንም ሳታረጋግጡ ጻፉ፤ ለጀግና የተጨመረ ውሸት እውነተኛ ሥራውን ያጠራጥርበታልና።

ያ የሃያ አምስት ዓመት ማሪን በቦምቡ ላይ በተኛ ጊዜ ስለ ኒሻን ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። የቃኘው ወታደርም የጓደኛውን ሬሳ በጨለማ ሸለቆ ውስጥ በትከሻው ሲሸከም፥ በቹንቾን ሐውልት እንደሚቆም አላወቀም። ሁለቱም ያደረጉት በአጠገባቸው ላለው ሰው ሲሉ ነው። እነዚያ ወታደሮች በጥይት መካከል ሬሳ ጥለው አልሄዱም፤ እኛ ደግሞ ጥይት በሌለበት፥ በሰላም ቤታችን ተቀምጠን፥ ስማቸውን ጥለን የምንሄድበት ምክንያት የለንም።